ብሎን መፍታት ብቻ ቢሆን ኖሮ

ሰሞኑን በዋሽንግተን አካባቢ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። ርእሱ «ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ዕዳ» ይላል። ጸሐፊው ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ያላቸው ሰው ናቸው። ጣሪያቸው አርጅቶ ሊቀየር ቀን ሲቆረጥለት፣ በ2015 ያስገቧቸውን 24 የሶላር ፓነሎች አውርዶ ከጣሪያው ሥራ በኋላ መልሶ ለመስቀል 6,200 ዶላር ተጠየቁ። ተናደዱ፤ ንዴታቸው ሳይበርድ ብዕር አነሡ።

ያሉት ሲጨመቅ እንዲህ ነው። ዋጋው ዝርፊያ ነው፤ ጣሪያ ሠሪው ራሱ በ1,500 ዶላር ያወርደዋል፤ ፓነሉ ጣሪያውን አበስብሶታል፤ አንዴ የወረደ ፓነልም እንደ ቀድሞው አይሠራም፤ ኢንሹራንስ ለዚህ አይከፍልም፤ ሶላሩን በኪራይ የወሰደ ሰው ግን በነጻ ይወርድለታል፤ ሲደማመር ወጪው የሶላሩን ጥቅም ጠቅልሎ ይበላዋል። መደምደሚያቸው «ሶላር አታስገቡ፣ ለልጆቻችሁ ዕዳ አታውርሱ» የሚል ነው።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ጥቅሜን መናገር አለብኝ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጣሪያዎች ላይ ፓነል ስሰቅልና ሳወርድ ዓመታት አልፈዋል፤ እንጀራዬ ከዚህ ሥራ ነው። አንባቢ ይህንን አውቆ ከቃሌ የሚቀንሰውን ይቀንስ። ሆኖም እኔም የጸሐፊው ዓይነት ዕዳ ተሸካሚ ነበርኩ። በ2016 ሥራውን ገና ስጀምር፣ 13 ዓመት ያገለገለ ጣሪያ ላይ 22 ፓነል በገዛ እጄ ሰቀልኩ። በ2024 ጣሪያው አለቀና ሁሉንም አወረድኩት። የራሴንና የረዳቶቼን ጉልበት በገበያ ዋጋ ባሰላው 5,500 ዶላር ያህል ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የተባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

እንግዲህ ከዋጋው ልጀምር። ጸሐፊው «አንድን ፓነል የሚይዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ ለ96 ብሎን 6,200 ዶላር ይከፈላል?» ብለው ይጠይቃሉ። እንዲያውም ብሎኖቹ ከዚያም ያንሳሉ፤ ጎን ለጎን ያሉ ፓነሎች አንዱን ማሰሪያ ለሁለት ይጋራሉ። ብሎን ፈትቶ መሄድ ቢሆን ኖሮ በአንድ ጠዋት ያልቅ ነበር።

የሚከፈለው ግን ለሌላ ነገር ነው። አንድ ፓነል 20 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስፋቱ የበር ያህል ነው፤ ነፋስ ሲያገኘው ሸራ ይሆናል። ይህንን ተዳፋት ጣሪያ ላይ ቆሞ፣ በገመድ ታስሮ፣ 24 ጊዜ ወደ መሬት ማውረድ ያስፈልጋል። የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት ደንብ ከ1.8 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለሚሠራ የግንባታ ሠራተኛ የመውደቅ መከላከያ ያዝዛል፤ የሠራተኛው ኢንሹራንስም የጣሪያ ሥራ ስለሆነ ውድ ነው። እያንዳንዱ ፓነል ከነቦታው ቁጥር ይሰጠዋል። ከሥሩ ማይክሮኢንቨርተር (የፓነሉን ኤሌክትሪክ ቤት ወደሚጠቀምበት ዓይነት የሚቀይር ትንሽ ኢንቨርተር) ያለው ከሆነ የትኛው መለያ ቁጥር የት እንደነበር ይመዘገባል፤ አለበለዚያ ከዚያ በኋላ የየፓነሉን ምርት የሚያሳየው የኮምፒውተር ካርታ አንዱ ፓነል ሲበላሽ ሌላውን ይጠቁማል። ከፓነሎቹ በኋላ ፓነሎቹ የታሰሩባቸው የአልሙኒየም ዘንጎች፣ ሬይሎቹ፣ ይወርዳሉ፤ ከሬይሎቹ በኋላ ጣሪያው ላይ የቆሙባቸው እግሮች ይነቀላሉ። ጣሪያ ሠሪው ገብቶ ይወጣል። ያ ሁሉ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይደገማል፤ በዚህኛው ጉዞ አዲስ የውሃ መከላከያ ቆርቆሮ፣ አዲስ ብሎን፣ አዲስ የማሸጊያ ሙጫ አለበት። ከዚያ የኤሌክትሪክ ፍተሻው ይመጣል። በብዙ ቦታ ፈቃድና ተቆጣጣሪም አለ።

በዚህ አካባቢ ሲሠራበት የማየው ዋጋ ብዙ ጊዜ በአንድ ፓነል ከ200 እስከ 300 ዶላር ነው። ቀጥ ያለ ተዳፋት፣ ሦስት ፎቅ ወይም የሸክላ ክዳን ካለ ከዚያ ይበልጣል። ፓነሎቹ ጥቂት ከሆኑም የአንዱ ዋጋ ይጨምራል፤ መኪናውና መሰላሉ ለስድስት ፓነልም ለ24ም ሁለት ጊዜ መምጣታቸው አይቀርምና። የጸሐፊው 6,200 ለ24 ሲካፈል 258 ይሆናል። ውድ ነው ቢሉ እስማማለሁ፤ ዝርፊያ ነው ሲሉ ግን አልስማማም።

አንድ ነገር ላይ ግን ሙሉ በሙሉ ልክ ናቸው። የተሰጣቸው የዋጋ ማቅረቢያ «ማውረድና መስቀል፣ 6,200» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። እንዲህ ያለውን ወረቀት እኔም ብሆን አልፈርምበትም። ማውረጃው ለብቻ፣ መስቀያው ለብቻ፣ የሚቀየሩት ዕቃዎች ለብቻ፣ ፈቃዱ ለብቻ መጻፍ አለበት። ምክንያቱን ሒሳቡ ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ ወጣ ልበል። ብዙዎቻችን ያደግነው ቆርቆሮ ክዳን ባለው ቤት ነው። ቆርቆሮ ዝጎም ይኖራል፤ ሲያፈስ ቀዳዳው ይደፈናል፤ የአባቴ ቤት ክዳን ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። ስለዚህ ጣሪያ የሚያልቅ ዕቃ ነው የሚል አሳብ በጭንቅላታችን የለም። እዚህ አገር አብዛኛው ቤት የሚከደነው በአስፋልት ሺንግል፣ ማለትም ተደራርቦ በሚነጠፍ ስስ የአስፋልት ንጣፍ ነው። ሺንግል ደግሞ እንደ መኪና ጎማ ያልቃል፤ እንደ ጥራቱ ከ20 እስከ 30 ዓመት ቢቆይ ነው። ፓነሉ በበኩሉ ብዙውን ጊዜ የ25 ዓመት የምርት ዋስትና ይዞ ይመጣል። አዲስ ጣሪያ ላይ አዲስ ፓነል ቢሰቀል ሁለቱ አብረው ያረጃሉ። ግማሽ ዕድሜው ባለፈ ጣሪያ ላይ ሲሰቀል ግን የማውረጃው ሒሳብ በዚያው ቀን ተጽፏል፤ የጎደለው የሚከፈልበት ቀን ብቻ ነው። የጸሐፊው 6,200 የተወለደው በ2015፣ ኮሚሽን የሚከፈለው ሻጭ ጣሪያውን ቀና ብሎ ሳያይ ወረቀት ባስፈረማቸው ጊዜ ነው። ንዴታቸው ትክክል ነው፤ አድራሻው ተሳስቷል።

ወደ 1,500 ዶላሩ ልለፍ። ይህ ከጽሑፉ ሁሉ ያስደነገጠኝ ቦታ ነው፤ ሰው ሊጎዳበት ይችላልና።

ጣሪያ ሠሪዎችን አከብራለሁ። በሐምሌ ፀሐይ ጥቁር ሺንግል ላይ ተንበርክኮ መዋል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ፓነል ማጥፊያ የለውም። ብርሃን እስካረፈበት ድረስ ቮልቴጅ አለው። ዋናውን ማጥፊያ ስታጠፉት ከቤቱ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል እንጂ ፓነሉ አይተኛም። በቀድሞው አሠራር ፓነሎቹ በተርታ ተያይዘው ወደ አንድ ኢንቨርተር ይወርዳሉ፤ መስመሩ በመኖሪያ ቤት እስከ 600 ቮልት እንዲደርስ ይፈቀዳል። ኤሌክትሪኩ ደግሞ ዲሲ የሚባለው ቀጥተኛ ጅረት ነው። በግድግዳው ሶኬት የሚመጣው ኤሲ በሰከንድ 120 ጊዜ ዜሮን ያልፋል፤ ብልጭታ ቢነሣ በዚያች ቅጽበት የመጥፋት ዕድል አለው። ዲሲ እንዲህ ያለ ዕረፍት የለውም። ጅረት እያለፈበት መሰኪያውን የነቀለ ሰው በሁለት እጁ መካከል የሚነድ እሳት ይዞ ይቀራል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ ይህንን አይቶ በ2014 እትሙ ለጣሪያ ሶላር ፈጣን ማጥፊያ እንዲኖር አዘዘ፤ በ2017 እትሙ ደግሞ በፓነሎቹ መካከል ያለው ቮልቴጅ ሳይቀር በ30 ሰከንድ ውስጥ ወደ 80 እንዲወርድ የሚጠይቅ ድንጋጌ አስገባ። የጸሐፊው ሲስተም ከ2017ቱ እትም በፊት የተሰቀለ ነው። ማለትም 1,500 ዶላር የሚከፈለው ልጅ መሰኪያዎቹን እንደ ስልክ ቻርጀር እየነቀለ ሲሄድ የሚጠብቀው ነገር ላይኖር ይችላል።

ባለፈው ዓመት ቨርጂኒያ ውስጥ አንዲት እናት ቤት ተጠራሁ። ጣሪያ ሠሪዎች አውርደው መልሰው ከሰቀሉት ሲስተም ግማሹ አይሠራም። ወጥቼ ሳየው፣ ሲያወርዱ የቆረጡትን ሽቦ በሌላ ፋብሪካ መሰኪያ ቀጥለውታል። መሰኪያዎቹ እርስ በርስ ይገባሉ፤ ጠቅ ብለውም ይዘጋሉ፤ ዓይን ልዩነቱን አያይም። ግን የአንዱ ፋብሪካ ወንዴ ከሌላው ፋብሪካ ሴቴ ጋር እንዲሠራ አልተፈተነም። ውስጡ ላላ ይላል፣ ይሞቃል፣ ይቀልጣል። አንዱን ቀልጦ ሺንግሉ ላይ ተጣብቆ አገኘሁት፤ ያውም አንድ ክረምት እንኳ ያላለፈበት አዲስ ሺንግል። እናታችን በርካሽ ላሠሩት ሥራ የጥገናውን ሒሳብ ስንደምርበት ከመጀመሪያው የባለሙያ ዋጋ በለጠ። ቤታቸው ስላልተቃጠለ ግን ርካሽ ነው እላለሁ።

ጣሪያ ሠሪ ሁሉ አይነካው ማለቴ አይደለም። ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በሥሩ የሚያሠራ የጣሪያ ኩባንያ ካገኛችሁ እንዲያውም ከሁሉ የተሻለው እርሱ ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ስለ ገንዘቡ ብዙ ጽፈው፣ ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበውን ነገር በአንድ ቃል እንኳ አላነሡም። እርሱም ውሃ ነው።

ፓነሎቹ የቆሙባቸው እግሮች እያንዳንዳቸው ጣሪያውን በስተው ከሥር ካለው ወራጅ እንጨት ጋር በረጅም ብሎን ታስረዋል። 24 ፓነል ያለው ቤት 50 ገደማ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። አሁን ጣሪያው ተቀየረ እንበል። አዲሱን ጣሪያ ጣሪያ ሠሪው ዋስትና ሰጥቶበት ወረደ። በሳምንቱ ሌላ ኩባንያ መጥቶ በዚያ አዲስ ክዳን ላይ 50 ቀዳዳ በሳ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ላይ ቢጫ ክብ ታየ። ጣሪያ ሠሪውን ጠራችሁት፤ «እኔ የሠራሁት አላፈሰሰም፣ የበሱትን ጠይቁ» አለ። የሶላሩን ኩባንያ ጠራችሁ፤ «የእኛ እግር ደረቅ ነው፣ ሺንግሉ ነው ያፈሰሰው» አለ። የመጀመሪያውን ሰቃይ ብትጠሩት ደግሞ «ሌላ ሰው ስለነካው የእኔ ዋስትና አብቅቷል» ይላል። ሦስቱም ውል አላቸው፤ እናንተ ያላችሁ ባልዲ ነው።

ይህን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልናገርም። መከላከያው ከሥራው በፊት ነው። ጣሪያ ሠሪውና ሶላር ሠሪው አንድ ቀን አብረው ጣሪያው ላይ መዋል አለባቸው፤ እግሮቹና የውሃ መከላከያ ቆርቆሮዎቹ ሺንግሉ ሲነጠፍ አብረው ቢገቡ፣ ሺንግሉ ተነጥፎ ካለቀ በኋላ ጫፉ ቀና ተደርጎ ከሥሩ እንደሚወተፉት አይሆኑም። የድሮዎቹ ቀዳዳዎች በጣውላው ላይ መዘጋት አለባቸው፤ በአዲስ ሺንግል መሸፈናቸው ብቻ አይበቃም። እያንዳንዱ አዲስ ቀዳዳ ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ ይነሣ። «በእነዚህ ቀዳዳዎች በኩል ለሚገባ ውሃ ኃላፊው እኔ ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሁለቱ በአንዱ ውል ውስጥ፣ ከነዓመቱ ብዛት፣ ተጽፎ ይፈረምበት። አንድ ኩባንያ ሁለቱንም ሥራ ሲይዝ ጣት የሚቀሰርበት ሌላ ሰው ስለሌለው ይህ ሁሉ ይቀልላል። ለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር 500 ዶላር ተጨማሪ ቢጠይቁኝ እከፍላለሁ።

ስለ ቀዳዳ ካነሣን የራሴን ጉድ ልናዘዝ። በ2024 የራሴን እግሮች ስነቅል ሦስቱ ወራጁን ስተው ጣውላው ላይ ብቻ ቆመው አገኘኋቸው። ጣውላው ከጣት ውፍረት አይበልጥም። ስምንት ዓመት ሙሉ ነፋስ ሳይነቅላቸው የቆዩት በዕድል ነው። የሰቀላቸው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቄ መቆጣት አልቻልኩም።

ጸሐፊው «ፓነሉ ጣሪያዬን አበሰበሰው» ያሉትን በአጭሩ ልለፈው። በደንብ የተሰቀለ ፓነል ከሥሩ ያለውን ሺንግል ከፀሐይ ይጠልለዋል። የእኔን ባወረድኩ ጊዜ በፓነሎቹ ሥር የነበረው ሺንግል ቀለሙ እንዳለ ነበር፤ ፀሐይ ሲመታው የኖረው የዳር ዳሩ ግን ተጣጥፎ እንደ ደረቀ ቅጠል ሆኗል። የሚያበሰብሰው ክፉ ቀዳዳ ነው፤ ከሥር የሚከማች ቅጠልና የሽኮኮ ጎጆም ይጨመርበት። ሽኮኮ ሽቦም ይበላል።

«የወረደ ፓነል እንደ ቀድሞው አይሠራም» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። በጥንቃቄ የወረደና ቆሞ የተቀመጠ ፓነል ያው ነው፤ በዓመት ግማሽ በመቶ ገደማ እየቀነሰ መሄዱ ጣሪያ ላይ ቢቆይም አይቀርለትም። የሚጎዳው ሲረገጥ ወይም ሲጣል ነው፤ መስታወቱ ሳይሰበር ውስጡ ያለው ስስ ሲሊከን ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ በዓይን አይታይም፣ ምርቱ ላይ ግን ይታያል። ስለዚህ ከመውረዱ በፊት የእያንዳንዱ ፓነል ምርት ይመዝገብ፤ ከተሰቀለ በኋላ ይነጻጸር። ከማውረዱ በፊት ያልተመዘገበ ነገር ከሰቀሉት በኋላ ክርክር ይሆናል። ያረጀ መሰኪያና ፀሐይ ያደረቀው ሽቦ መቀየሩ አይቀርም፤ ይህ በዋጋው ውስጥ መኖሩንም አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ኢንሹራንስ ፈጽሞ አይከፍልም የሚለው ስህተት ነው፤ ስህተቱም ገንዘብ ያሳጣል። ያረጀ ጣሪያ ሲቀየር አይከፍልም፤ እርጅና አደጋ አይደለምና። ነገር ግን በረዶ ወይም ዐውሎ ነፋስ ጣሪያውን ከጎዳው፣ ጣሪያውን ለመጠገን ፓነሉን ማውረድ ግድ ስለሆነ ማውረጃውና መስቀያው ብዙ ጊዜ የጥገናው ክፍል ሆኖ ይቆጠራል። የራስ ንብረት የሆነና ከቤቱ ጋር የታሰረ ፓነል በአብዛኛው እንደ ቤቱ አካል ነው የሚታየው። በዳላስና በዴንቨር አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን ይህንን ከእኛ በተሻለ ያውቃሉ፤ በረዶው በየጊዜው ያስታውሳቸዋል። በቴክሳስ ግን ሌላ ወጥመድ አለ። ለነፋስና ለበረዶ ከኪስ የሚወጣው ድርሻ በቁርጥ ሳይሆን በቤቱ የመድን መጠን አንድ ወይም ሁለት በመቶ የሚሰላባቸው ውሎች ብዙ ናቸው፤ ለ400,000 ዶላር መድን ሁለት በመቶው 8,000 ነው። የጉዳት ገማቹ ሲመጣ ስለ ፓነሉ ካላነሣችሁ እርሱም ላያነሣው ይችላል።

ኪራዩ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ምክር ነው። ጸሐፊው «ንብረቱ የኩባንያው ስለሆነ ኩባንያው በነጻ ያወርዳል» ይላሉ። ያየኋቸው የኪራይ ውሎች የሚሉት የተገላቢጦሽ ነው። ማውረድ ያስፈለገው በኩባንያው ዕቃ ብልሽት ምክንያት ከሆነ ወጪው የኩባንያው ነው፤ ባለቤቱ ጣሪያውን ሊቀይር ስለፈለገ ከሆነ ግን ከፋዩ ባለቤቱ ነው። ዋጋውን የሚወስነው ኩባንያው፣ ቀኑን የሚቆርጠውም ኩባንያው። ሌላ ሰው ጠርታችሁ ዋጋ ማወዳደር አትችሉም፤ የሰው ንብረት ነው። ጣሪያ ሠሪው ለሰኞ ዝግጁ ነው፤ አከራዩ ከሁለት ወር በኋላ ይመጣል፤ በመካከል ዝናብ ይዘንባል።

አከራዩ ራሱ ካልኖረስ? ሰንፓወር በኦገስት 2024፣ ሰኖቫ በጁን 2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቀው ፍርድ ቤት ገብተዋል። ሁለቱም በዚህ አገር ከትልልቆቹ የመኖሪያ ቤት ሶላር ኩባንያዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ኩባንያ ሲወድቅ የኪራዩ ውል አይሞትም፤ ለሌላ ይተላለፋል፤ ወርኃዊ ክፍያው አንድ ቀን ሳይዘገይ ይጠየቃል፤ ስልክ የሚያነሣው ሰው ግን ይዘገያል። እንግዲህ ጸሐፊው ለሀበሻ የመከሩት ይህንን ነው።

ሒሳቡ ላይ ደረስን። የራሳቸውን ቁጥር ልውሰድ። ሶላሩ በዓመት 1,250 ዶላር እንደሚያተርፍላቸው ጽፈዋል። ከዚያ 6,200 ዶላሩን በ1,250 አካፍለው «የአምስት ዓመት ጥቅም በአንድ ቀን ተበላ፤ ምን ቀረ?» ይላሉ። የቀረው ሃያ ዓመት ነው። በ25 ዓመት 1,250 ሲባዛ 31,250 ይሆናል። ፓነሉ በየዓመቱ ጥቂት ይደክማል፤ የመብራት ዋጋ ደግሞ በየጊዜው ይጨምራል፤ ሁለቱን እናቻችላቸው። ከ31,250 ላይ 6,200 አምስት አንድ ያህል ነው። ቀላል ነው አልልም፤ ከአምስት እንጀራ አንዱ ሲወሰድ ይታወቃል። ጠቅልሎ በላው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ደግሞም ጥያቄው በተሳሳተ መንገድ ነው የቀረበው። ጣሪያው መቀየሩ ካልቀረ ፓነሉ መውረዱ አይቀርም፤ ቢሰቀልም ባይሰቀልም የማውረጃው ገንዘብ ይወጣል። ውሳኔ የሚያስፈልገው የመስቀያው ክፍል ብቻ ነው። ዋጋው በሁለት ተከፍሎ ይጻፍ ያልኩትም ለዚህ ነው። ማውረጃው 2,500 ነው እንበል፤ መስቀያው 3,700 ይሆናል። ጸሐፊው ማወዳደር ያለባቸው 3,700 ዶላርን ከቀሪው 14 ዓመት ምርት ጋር ነው፤ ይህም በራሳቸው ቁጥር 17,500 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ ኢንቨርተሩን ይቀንሱ፤ የአንድ ሳጥን ኢንቨርተር ከ10 እስከ 15 ዓመት ስለሚኖር የእሳቸው ሊያልቅበት የተቃረበ ነው፤ ለመቀየሪያው 2,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ይያዙ። ቢቀነስም ያዋጣል። ፓነሎቹ የ20 ዓመት ቢሆኑ ኖሮ ግን «አውርዱና አትመልሱት» እላቸው ነበር።

በአዲስ መተካት ያዋጣል ወይ ለሚለው፣ አዲሶቹ ፓነሎች ጉልበታቸው ስለሚበልጥ የ22ቱን የእኔን ሥራ 16 ይሠሩታል። ነገር ግን ለቤት ሶላር ይሰጥ የነበረው የ30 በመቶ የፌዴራል የታክስ ቅናሽ ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለወጣ ወጪ አይሰጥም፤ በ2025 በወጣው ሕግ ተዘግቷል። ካሊፎርኒያ ላሉት ደግሞ፣ ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 በፊት ማመልከቻ አስገብቶ በቀድሞው የሒሳብ ማቻቻያ ደንብ (ለመብራት ኩባንያው የተላከው ትርፍ ኤሌክትሪክ ከሒሳብ የሚቀነስበት) የገባ ሲስተም ለ20 ዓመት በዚያው ስለሚቆይ፣ አሮጌውን ጥሎ ትልቅ ከመስቀል በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ ያስፈልጋል።

በታክስ ጉዳይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። አንድ ነጋዴ «ማውረጃውና መስቀያው ላይ 30 በመቶ ከታክስ ይመለስልዎታል» ብሎ እንደነገራቸው ጽፈዋል፤ አለማመናቸው ደግ ነው። ሕጉ ቅናሹ በሥራ ላይ በነበረበት ጊዜም ለመጀመሪያው ተከላ ጉልበት ብሎ ነበር የሚናገረው።

ጊዜውንም አስቡበት። ሲስተሙ በወረደበት ጊዜ ምርት የለም። በእኛ አካባቢ ስድስት ሳምንት ሙሉ በጁንና ጁላይ መሬት ላይ ቢተኛ የሚጠፋው ምርት በዲሴምበርና ጃንዋሪ ከሚጠፋው በብዙ ይበልጣል። በብርድ ደግሞ ሺንግሉ የሚጣበቅበት ሙጫ በደንብ አይዝም። እኔ ለራሴ የመረጥኩት ኦክቶበርን ነበር።

«ሶላር አታስገቡ» ለሚለው የመጨረሻ ቃላቸው የምመልሰው «ሁላችሁም አስገቡ» ብዬ አይደለም። ጣሪያው 12 ዓመት ያለፈው፣ ዛፍ የጋረደው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ቤቱን ሊሸጥ ያሰበ ሰው ቢተወው ይሻለዋል። ጣሪያው ሊያልቅ የተቃረበ ከሆነ መጀመሪያ ጣሪያው። አቅም ካለ ደግሞ ቁመቱን ሙሉ የታጠፈ ስፌት ያለው የብረት ክዳን አለ፤ የሶላሩ ማሰሪያ ስፌቱን ጨብጦ ስለሚይዝ አንድም ቀዳዳ አይበሳም፤ ክዳኑም ከፓነሉ አልፎ ከ40 ዓመት በላይ ይኖራል። ቆርቆሮው ዞሮ መጣ ማለት ነው። ለሚያስገባም ሰው፣ ሻጩ ፊት ተቀምጦ «ጣሪያዬን ስቀይር በስንት ታወርዱታላችሁ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ውሉ ውስጥ ያስገባ። ይህንን ሲሰማ ፊቱ የሚለዋወጥ ሻጭ አይቻለሁ።

የእኔ ጣሪያ አሁን አዲስ ነው። 22ቱም ፓነሎች ተመልሰው ተሰቅለዋል፤ አንዱን ራሴ ጥዬ ሰብሬው ከአሮጌ ዕቃ መደብር ተመሳሳዩን ፈልጌ ተካሁት። ሲወርዱ ዳግመኛ አይሰቀሉም፤ ያኔ ያረጃሉ። ከኮርኒሱ በላይ ባለው ባዶ ቦታ ገብቼ እያንዳንዱ ወራጅ የትኛው እግር ሥር እንደሚያልፍ በወፍራም እርሳስ ቁጥር ጽፌበታለሁ፤ ፎቶውንም ከቤቱ ካርታ ጋር አንድ ላይ አስቀምጫለሁ። ሦስቱን የሳትኳቸውን ቀዳዳዎችም አክብቤባቸዋለሁ።